ከካርታው የወጣች ነጥብ

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ባለው ግቢዬ ሦስት ክፍል ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አከራያለሁ። በአንደኛው ክፍል ሰናይት የምትባል ከደሴ የመጣች ልጅ ትኖራለች። ጠባይዋ ሸጋ ነው። አንድ ጉድለት ቢኖራት ድምፅ ሳታወጣ ማጥናት አለመቻሏ ነው፤ ስለዚህ ፈተና በደረሰ ቁጥር እኔም አብሬ እማራለሁ። ባለፈው መጋቢት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔ ደጃፍ ላይ ምስር ስለቅም፣ እሷ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስለ አፍሪካ ታነብ ነበር። የአህጉሩን ስፋት፣ ወንዞቹንና በረሃዎቹን፣ ሕዝቡ ምን አምርቶ ምን እንደሚሸጥ አነበበች። የሕዝቡ ብዛት ላይ ስትደርስ እጄ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ማን ቆጠረው?» አልኳት።

«ምኑን፣ እማማ?»

«ሕዝቡን ነዋ።»

«እያንዳንዱ አገር የራሱን ይቆጥራል፤ ከዚያ ይደመራል።»

«ቤት ለቤት የሄደውስ ማን ነው? የተጠየቀውስ ሰው እውነቱን ተናግሯል?»

ሳቀችና ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። አፍሪካ ሙሉዋን ተሥላ በላይዋ ላይ ቀያይ ነጥቦች ተበትነውባታል። ሰው በበዛበት ነጥቡ ይጠጋጋል፣ በሳሳበት ይራራቃል። መነጽሬን አስተካክዬ ከጣና በላይ ያለውን ቦታ ፈለግሁ፤ እዚያም ዐይኔን ተክዬ ቆየሁ። ሰናይት ጥያቄዬን ለጨዋታ እንደወሰደችው አውቃለሁ። እኔ ግን ብዙ የምጫወት ሰው አይደለሁም። ቁጥር ሲነገረኝ የመጠርጠር ልማድ አለኝ፤ ከየት እንደመጣብኝም አውቃለሁ።

በጃንሆይ ዘመን፣ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከእናቴ ጋር እዚሁ ጎንደር፣ ቀሐ አጠገብ እንኖር ነበር። ጂኦግራፊ የሚያስተምረን መምህር ሰለሞን የሚባል፣ ዩኒቨርሲቲውን ሳይጨርስ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ እኛ የተላከ ወጣት ነበር። ያኔ አንቱ እለው ነበር። ዛሬ ግን የያኔውን መምህሬንም አክስቴንም በዕድሜ በብዙ አልፌያቸዋለሁና እንደ ልጅ ብጠራቸው የሚፈርድብኝ አይኖርም።

የመማሪያ መጽሐፋችን ውጭ አገር ለሌሎች ልጆች የተጻፈ ነበር። ስለ ኮኮዋ፣ ስለ መዳብ፣ ስለ ጎማ ዛፍ ገጽ ሙሉ ያትታል፤ ወደ እኛ ደጋ ሲደርስ ግን በሁለት መስመር ያልፋል። መምህር ሰለሞን በዚህ ይናደድ ነበር። አንድ ቀን መጽሐፉን ዘግቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለውና «አህጉር ማለት ሩቅ አገር አይደለም፤ ከቤታችሁ ደጃፍ ይጀምራል። እዚህ ላይ የሰፈረው ቁጥር ግምት ነው። እውነተኛውን እናንተ አምጡልኝ» አለን።

ሥራው ይህ ነበር። ለገና ዕረፍት እያንዳንዳችን ዘመድ ወዳለን ገጠር እንሄዳለን። በየቤቱ እየገባን ስንት ሰው፣ ስንት ከብት እንዳለ፣ ምን እንደሚሸጡ፣ ምን እንደሚገዙ እንጽፋለን። ከዚያ የመንደሩን ካርታ ሥለን ለእያንዳንዱ ሰው በቀይ እርሳስ አንድ ነጥብ እናደርጋለን። እሱ የሁላችንንም ካርታ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ለጥፎ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። እኔ በክፍል ውስጥ እጄን የማላነሣ ልጅ ነበርሁ፤ ይህ ግን እጅ ማንሣት አይጠይቅም። ከሁሉ የተሻለ ካርታ ላመጣ ለራሴ ቃል ገባሁ።

እናቴ አልወደደችውም። «ሰው ቤት ገብተሽ ስንት ናችሁ ልትይ ነው? ማን አሳደጋት ይሉኛል» አለች።

«ለትምህርት ነው፣ እማዬ።»

«ለትምህርት ይሁን» አለችና ለእኅቷ የሚሆን በርበሬና ጨው ቋጠረችልኝ። የቋጠረችው ግን ፊቷን አዙራ ነው።

እስከ አምባ ጊዮርጊስ የሄድሁት ጨው በጫነ ማኪና ላይ፣ ከጆንያዎቹ መካከል ተሸጉጬ ነው። ታኅሣሥ ነው፤ የወገራ ብርድ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ዳቦ ቆሎ ከኪሴ እያወጣሁ ስቆረጥም ጣቶቼ አልታዘዝ ይሉኝ ነበር። ከዚያ እስከ አክስቴ መንደር በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ነው። እህሉ ታጭዶ ማሳው ሁሉ ቢጫ ገለባ ሆኗል፤ በየቤቱ ጓሮ የገብስ ክምር ከጎጆው ይበልጥ ቆሞ ይታያል። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይነጣል። ሰው ሁሉ ስለ አውድማ ነው የሚያወራው፤ የማን ክምር እንደሚቀድም፣ ማን በሬ ለማን እንደሚያመጣ።

አክስቴ ጥሩወርቅ፣ እኔ እትዬ ጥሩ የምላት፣ አራስ ነበረች። ከሦስት ወንዶች በኋላ ሴት ልጅ ወልዳ ማሬ ብላታለች። ልጂቱ ክርስትና ልትነሣ ሰማንያ ቀኗን እየጠበቀች ስለነበር ከጓዳ አትወጣም፤ እንግዳ ሲመጣ አክስቴ ጋቢ ትጥልባታለች። ባሏ አያ ዋሴ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። በዚያ ዓመት ለርስት ክርክር ሁለት ጊዜ ጎንደር ወርዷል፤ ወደ ከተማ የሚመላለስ ሰው ደግሞ በአገሩ ሙሉ በሙሉ አይታመንም። ይህን ያኔ አላወቅሁም ነበር።

በማግሥቱ ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። በመጀመሪያው ቤት ያገኘኋትን ሴት «ስንት ልጅ አለዎት?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እግዜር የሰጠኝን ያህል» አለች።

«ስንት ናቸው?»

«ምነው፣ አልሰማሽም? እግዜር የሰጠኝን ያህል።»

እንደምንም ለምኜ ሁለት አስባልኳት። ከዚያ ወደ አያ ገላው ቤት ሄድሁ። አያ ገላው የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር ሲበላሽ የሚያቃኑ፣ ሰው ሁሉ የሚሰማቸው። «እኔና ሚስቴ ብቻ ነን፤ በሬም አንድ አለችን» አሉኝ። ከበስተኋላቸው ሦስት ልጆች በጓዳው በር ራሳቸውን ብቅ አድርገው ያዩኛል።

«እነዚያስ ልጆች፣ አያ ገላው?»

«የጎረቤት ናቸው።»

ወደ ጎረቤት ስሄድ እዚያም የሚያጮልቁ ልጆች አሉ። እነሱም የጎረቤት ናቸው ተባለ። በዚያ መንደር ልጅ ሁሉ የጎረቤት ነበር። በበረቱ ጥላ ሥር ሁለት በሬ ቆሞ እያየሁት «አንድ» ይሉኛል፤ «ያኛውስ?» ስል «የውሰት ነው» ይሉኛል። ደብሬ የምትባል ባሏ የሞተባት፣ አፏ የማያርፍ ሴት ነበረች። ብቻዬን ነኝ አለችኝና ቆይታ «ቁንጫውንስ አትጽፊውም? እሱም ከኔው ጋር ነው የሚያድር። መንግሥት ግብሩን ከሱ ይቀበል» አለችኝ። ሳቅሁ። ይህንንም ነገር ለምን እንዳለችው አልገባኝም።

እንደዋሹኝ እጠረጥር ነበር፤ ግን የተነገረኝን እንድጽፍ ነው የተማርሁት። የተነገረኝን ጻፍሁ። የሚሸጡት ገብስና ባቄላ፣ የሚገዙት ጨው፣ ላምባና ብትን ጨርቅ ነው፤ በዚህ እንኳ የሚዋሽ አልነበረም። የአክስቴን ቤት ግን ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። አውቀዋለሁ፤ ሰው ስድስት፣ በሬ ሦስት፣ ላም ሁለት። እንደማውቀው አድርጌ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፍሁት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መደቡ ላይ ተቀምጬ ካርታዬን ስጨርስ ደብሬ ወንፊት ልትዋስ ገባች። ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«መንደሩ ነው፣ እትዬ ደብሬ። ይህ ቤተ ክርስቲያኑ ነው፣ ይህ ምንጩ። ይህ ደግሞ የርስዎ ቤት።»

«ይህ ቀዩስ?»

«እርስዎ ነዎት።»

ፈገግታዋ ከፊቷ ሲጠፋ አየሁ። በቤቷ ላይ የተቀመጠችውን ያቺን አንድ ነጥብ ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻት። «እኔን በደም ጻፍሽኝ?» አለች በዝግታ። ወንፊቱን ሳትይዝ ወጣች።

ነገሩ የታወቀን በማግሥቱ ጠዋት ነው። የዚያን ቀን የአያ ዋሴ ክምር ተራ ነበር። አውድማው በእበት ተለቅልቆ ደርቋል፤ አክስቴ ለሠራተኛው ጠላ አስጠምቃለች፣ ከጎረቤት ያስጋገረችው ዳቦ በኮባ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጾም ስለነበር ስልጆም አለ። ከስድስት ቤት ሰዎች በሬያቸውንና መንሻቸውን ይዘው እንደሚመጡ ቃል ገብተው ነበር። ፀሐይ ወጣች፤ ውርጩ ቀለጠ፤ ማንም አልመጣም። በዚያ አገር አውድማ ላይ ባለ ሰው አጠገብ የሚያልፍ ሁሉ «በረከት ያድርገው» ሳይል አያልፍም፤ ጠላትም ቢሆን ይላል። በዚያ ጠዋት ሁለት ሰዎች አለፉ። ሁለቱም ወደ ሌላ አቅጣጫ እያዩ ነው ያለፉት።

ረፋድ ላይ አያ ገላው መጡ። የበሬ ገመድ ሳይሆን ከዘራ ብቻ ነበር የያዙት።

«ዋሴ» አሉ፣ «ገመዱ መቼ ነው የሚመጣው?»

«የምን ገመድ፣ አያ ገላው?»

«የመሬቱ ገመድ ነዋ። ልጂቱ ምልክቱን ጨርሳለች ይባላል።»

መሬት ሊለካ ነው የሚል ወሬ በዚያ ዘመን ከገበያ ገበያ ይዞር ነበር። የተለካ መሬት ግብሩ ይከብዳል፣ ርስትነቱም ያጠራጥራል ተብሎ ይፈራል።

«የትምህርት ቤት ሥራ ነው፣ አያ ገላው» አልሁ።

ወደ እኔ ዞሩ። ቁጣ አልነበረባቸውም። «ትምህርት ቤቱ የማን ነው፣ ልጄ?»

«የመንግሥት።»

«እንግዲያውስ» አሉና ከዘራቸውን ተመርኩዘው ሄዱ።

አያ ዋሴ ወደ በረቱ ገባ። ሦስቱን በሬዎቹን አጣምሮ ብቻውን ማበራየት ጀመረ። ትልቅ አውድማ ላይ ሦስት በሬ ሲዞር ማየት ያሳፍራል፤ ለስምንት በሬ በተለቀለቀ መሬት ላይ ሦስቱ የጠፉ ይመስላሉ። እኔ መንሽ ይዤ ገለባውን አገላብጥ ነበር። መዳፌ ተላጠ። ዐይኔን ባነሣሁ ቁጥር በስሜን በኩል ያለውን ሰማይ አይ ነበር፤ በታኅሣሥ መታየት የሌለበት ደመና ተሰብስቦበታል። የተፈታ ክምር ዝናብ ከነካው እህሉ እዚያው ይበቅላል። ያ ክምር ደግሞ የዓመት ቀለባቸውና የከርሞ ዘራቸው ነው። በደብተሬ ላይ ሰው ስድስት ብዬ ጽፌአለሁ፤ ስድስት አፍ ማለት እንደሆነ የገባኝ መንሹን ይዤ ስቆም ነው።

አክስቴ ከጓዳ ሆና አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችኝ። «ምነው አንቺ ልጅ፣ ምን በደልንሽ?» መንሹን ይዤ ወደ አውድማው ተመለስሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ መምህር ሰለሞንንም መጠርጠር ጀምሬ ነበር። ለምን ካርታ አስፈለገው? ለምን ምንጩን ሣሉ አለን? ትልቁን ካርታ ለማን ነው የሚያሳየው? የመንደሩ ጥርጣሬ ልብስ ላይ እንደሚጣበቅ የማሳ ጭጎጎት እኔም ላይ ተጣብቆ ነበር።

ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። ቅዳሜ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ዋሴ በሬዎቹን ፈትቶ መደቡ ላይ ተቀመጠና «ደብተሩ ላይ ያለውን እስኪ ንገሪኝ» አለኝ። አነበብሁለት። ስድስተኛው ቤት ላይ ስደርስ በእጁ አስቆመኝ።

«በዚህ ውስጥ እውነት አለ?»

«የሚሸጡትና የሚገዙት እውነት ነው። ሌላው የተባልሁት ነው።»

«የኛስ?»

«የኛ እውነት ነው፣ አያ ዋሴ።»

ቀና ብሎ አየኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀ መሰለኝ፤ አይቼው የማላውቀውን ጥርሱን አየሁ። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ለሁሉም ታነቢዋለሽ» አለ።

እሑድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ቅጥሩ በር ካለው ትልቅ ወይራ ሥር አቆመኝ። ሰዉ ከበበ፤ ግን ራቅ ብሎ ነው የከበበው። አያ ዋሴ «ሸጠኸናል የተባልሁበትን ወረቀት ስሙት፤ ከዚያ ፍረዱ» አለ። ደብተሬን ገልጬ ጀመርሁ።

«አያ ገላው ቤት። ሰው ሁለት፣ በሬ አንድ።»

ቀጣዩንም አነበብሁ። ሰው ሁለት፣ በሬ አንድ። ቀጣዩም አንድ። አራተኛው ቤት ላይ ከሴቶቹ በኩል የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ደብሬ ነበረች።

«ምነው አያ ገላው፣ ቦራውን በሬ ጅብ በላብዎት እንዴ?» አለች።

«ለጅብስ አንቺ ትቀርቢያለሽ» አሉ አያ ገላው፤ ነገር ግን ከዘራቸውን እያዩ ነበር።

«ልጆቹስ የማን ናቸው ተብሎ ተጻፈ?» አለ አንዱ።

«የጎረቤት» አልሁ።

ያን ጊዜ ሳቁ ለቀቀ። እኔ ግን ለመሳቅ አልደፈርሁም፤ ማንበቤን ቀጠልሁ። በመጨረሻ «አያ ዋሴ ቤት» አልሁ። «ሰው ስድስት፣ በሬ ሦስት፣ ላም ሁለት።»

ሳቁ ቆመ። ሰዎቹ ከኔ ይልቅ አያ ዋሴን አዩ፤ እሱ ደግሞ ጫማ የሌለው እግሩን ያይ ነበር። አያ ገላው ጣታቸውን እያጠፉ ቤቶቹን በልባቸው ደገሟቸው።

«በዚህ ወረቀት የሄድን እንደሆነ» አሉ በመጨረሻ፣ «የአገሩ ጌታ ዋሴ ነው፤ እኛ ጭሰኞቹ ነን። ገመዱ ቢመጣ እሱን ብቻ አስሮ ይሄዳል። አገር የሚሸጥ ሰው አይቻለሁ፤ ራሱን ብቻ ለይቶ የሚሸጥ ግን አላየሁም።»

ሌላ ፍርድ አልተሰጠም። ሰዉም ወደየቤቱ ሄደ።

ሰኞ ጠዋት ውርጩ ሳይነሣ የበሬ ድምፅ ሰማሁ። ከላይ ሰፈርም ከታች ሰፈርም ይመጣሉ። የውሰት የተባሉት መጡ። የሉም የተባሉት መጡ። የአያ ገላው ቦራ ከፊት ነበር። የጎረቤት የተባሉት ልጆች ከየአባታቸው ኋላ መንሽ ተሸክመው ይከተላሉ። ከልማድ የተነሣ በልቤ እቆጥር ጀመር፤ ሰባት ላይ ስደርስ አያ ገላው እያዩኝ እንደሆነ አየሁ።

«ስንት ሆኑ፣ ልጄ?» አሉኝ።

«አልቆጠርኩም፣ አያ ገላው።»

«ሸጋ» አሉ።

ክምሩ በሦስት ቀን አለቀ። ሴቶቹ ጠላ እያጠጡ፣ ወንዶቹ በሬዎቹን በዘፈን እየነዱ፣ ነፋስ ሲነሣ በላይዳ፣ በእንጨቱ አካፋ፣ ወደ ላይ እየወረወሩ አዘሩት። ገብሱ በቁና ሲሰፈር የመጀመሪያውን «አንድ» አይሉትም፤ «በረከት» ነው የሚሉት። ከዚያ በኋላ ያለውንም ሰፋሪው በልቡ ይይዘዋል። ለምን እንደሆነ በዚያ ሳምንት ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም። ዝናቡ ረቡዕ ማታ ጣለ፤ እህሉ ጎታ ገብቶ ነበር።

ወደ ጎንደር ከምመለስበት ቀን በፊት አክስቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። «ከኛም ቤት ቀንሺ» አለችኝ። «በሬውን እንደ ሌላው ሰው አንድ አድርጊው።»

«እሺ፣ እትዬ ጥሩ።»

«ማሬንም አውጫት። ክርስትና ያልተነሣች ልጅ ወረቀት ላይ አትቀመጥም። ዐይን ይበላታል።»

ላጲሴን አወጣሁ። ሦስትን አንድ ማድረግ ቀላል ነው። የማሬ ነጥብ ግን በቀይ እርሳስ ጠበቅ ብላ የተሠራች ስለነበረች አልጠፋ አለች፤ እያሸሁ ሄጄ በስተመጨረሻ የቀረው ቀላ ያለ እድፍ ብቻ ነው። አክስቴ ጎንበስ ብላ አየችና «ይበቃል» አለች።

ትምህርት ቤት ስንመለስ መምህር ሰለሞን ካርታዎቹን ሁሉ ለጠፈ። የኔ ከሁሉ ተመሰገነ፤ ንጹሕ ነው ተባለ። ከዚያ ጠመኔ አንሥቶ በሰሌዳው ላይ ጻፈ። በደጋው የአንድ ቤት ሰው ጥቂት ነው፤ አንድ ቤት አንድ በሬ ብቻ አለው፤ ይህም የአህጉሩን የገበሬ ኑሮ ያሳያል። «ከየአቅጣጫው የመጣው ቁጥር ይስማማል፤ ስለዚህ እውነት ነው» አለን ደስ ብሎት። እውነትም ይስማማ ነበር። ከደንቢያ የመጣውም አንድ በሬ ነው፣ ከጭልጋ የመጣውም አንድ በሬ ነው። እኔ ቀና ብዬ የክፍል ጓደኞቼን አየሁ። ከደብተሩ ላይ ዐይኑን የሚያነሣ አንድም አልነበረም።

ልናገር ይገባኝ ነበር። አልተናገርሁም። ብናገር ምን እንደሚሆን አላወቅሁም፤ መምህሩ የማን ሰው እንደሆነም እርግጠኛ አልነበርሁም። ዓመቱ ሳያልቅ ካርታውን ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። ለማን እንዳሳየው፣ ወይም ለማንም ሳያሳየው የት እንደጣለው እስከ ዛሬ አላውቅም። ገመድ የያዘ ሰውም አልመጣም። ሰለሞን ጥሩ ልጅ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ሌላ ነገር ሰማሁ። የዚያ መንደር ሰዎች ትምህርት ቤት ይሠራልን ብለው ሲያመለክቱ በተደጋጋሚ «ሕዝባችሁ ጥቂት ነው» እየተባሉ ተመልሰዋል አሉ። ያ መልስ ከኔ ደብተር እንዳልመጣ አእምሮዬ ያውቃል፤ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ያን ያህል አትደርስም። ግን ከኔ በኋላ ስንት ሰው ደብተር ይዞ በዚያ መንደር አልፎ ይሆን? ስንቱስ «የጎረቤት ናቸው» ተብሎ ይሆን? ትምህርት ቤቱ ሲሠራ ማሬ አግብታ ሁለት ልጅ ወልዳ ነበር። ፊደል አልቆጠረችም። ዛሬም ፈርሚ ስትባል አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ነው።

አክስቴም ባሏም አርፈዋል። ከካርታ ላይ እንዳወጣኋት ለማሬ ነግሬያት አላውቅም። በየዓመቱ ለጥምቀት ትመጣለች፤ ሰናይት በተቀመጠችበት በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ የገብስ በሶ በአቁማዳ ታመጣልኛለች። ስታወራ አያታለሁ። ለመናገር አፌን ከፍቼ ስለ አየሩ የጠየቅሁባቸው ጊዜያት አሉ። እነዚያ ሰዎች የዋሹት ልጆቻቸውን ለማትረፍ ነው፤ ተሳስተዋል ለማለት ድፍረቱ የለኝም። ልጆቻቸው የከፈሉበትን ደግሞ አልረሳም። ሁለቱን አንድ ላይ ይዤ ነው ያረጀሁት።

ሰናይት ገጹን ልትገልጥ ስትል እጇን ያዝሁ።

«ቀይ እስክሪብቶ አለሽ?»

አውጥታ ሰጠችኝ። ከጣና በላይ፣ ወገራ ይሆናል ባልሁት ቦታ ላይ አንድ ነጥብ አደረግሁ። ጠበቅ አድርጌ።

«ይቺ ማናት፣ እማማ?»

«የአክስቴ ልጅ ናት። ተረስታ ነው።»

ሰናይት ሳቋን ዋጠች። «እዚህ ካርታ ላይ እኮ አንዱ ነጥብ እልፍ ሰው ነው» አለችኝ በጨዋነት።

«ይሁን። ልጆች አሏት። የልጅ ልጆችም አሏት።»

«ስንት ናቸው?»

እስክሪብቶውን መለስሁላትና ወደ ምስሬ ዞርሁ።

«እግዜር የሰጣትን ያህል» አልኳት።